የማይገሠጽ እንግዳ

ቀድሞ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤቴ ድረስ መጥቶ የጠየቀኝን ጥያቄ እስከ ዛሬ ከልቤ ላወጣው አልቻልኩም። ልጅ እለዋለሁ እንጂ ያን ጊዜ የሁለት ልጆች አባት ነበረ፤ መምህር ግን ያስተማረው ሰው ቢሸብትም ልጅ ይመስለዋል። ሥራው ሀገር ጎብኚዎችን ወደ ሰሜን ተራሮች እየመራ መውሰድ ነበር።

«ጋሼ» አለኝ፤ «ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ሰው እንግዳ ነው ወይስ ገዢ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶችን ይዞ ሳንቃበር በሚባለው የድንኳን ማረፊያ አደሩ። ጧት ድንኳኑ ሲነቀል ሣሩ ላይ የቀረው የውሃ ፕላስቲክ፣ የእጅ መጥረጊያ ወረቀት፣ የብስኩት መጠቅለያና የተረፈ ምግብ ነው። እሱም በትሕትና «እባካችሁ፣ ከመሄዳችን በፊት እንሰብስብ» ቢላቸው፣ አንደኛው «ለመግቢያው ከፍለናል፤ ላንተም ከፍለናል፤ የሚጠርግ ሰው ካልቀጠሩ ጥፋቱ የኛ አይደለም» ብሎ መለሰለት። እሱም ዝም አለ። እነርሱ መኪናው ውስጥ ሲገቡ ብቻውን ለቃቅሞ በማዳበሪያ ከረጢት አሰረው። «መልቀሙ አልከበደኝም» አለኝ፤ «የከበደኝ የምመልስለት ቃል ማጣቴ ነው።»

እኔም በዚያን ቀን ቃል አልነበረኝም። ቡና አጠጥቼ ሸኘሁት። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሴ ነው።

ወጣት አንባቢዬ፣ የዚያን ወጣት አነጋገር በችኮላ አትናቀው። ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ወንበሩ ሥር ያለውን ጠርጎ እንዲወጣ ማንም አይጠይቀውም። ጫማውን ያስጠረገም ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ከሊስትሮው ጋራ ሌላ ጉዳይ የለውም። ገንዘብ እኮ የተፈለሰፈው ከማናውቀው ሰው ጋራ ያለን ሂሳብ ባንድ ጊዜ ተዘግቶ ሁለታችንም በሰላም እንድንለያይ ነው። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም።

ነገር ግን ሂሳቡ በእውነት የሚዘጋው ሻጩ «አይሆንም» ለማለት ሲችል ብቻ ነው። የገበያ ሴት «በዚህ ዋጋ አልሸጥም፤ እለፍ» ትልሃለች። አንተም ብትፈልግ ትጨምራለህ፣ ባትፈልግ ትሄዳለህ። ቁጣዋ ላንተም ይጠቅምሃል፤ ዕቃው ምን ያህል እንደሚያወጣ ከአፏ ሰምተሃልና ሳታውቅ ልትበድላት አትችልም። እንግዲህ «አይሆንም» ማለት በማይችል ሰው ደጅ ስትቆም ሂሳቡን የሚዘጋው ማን ነው? ጥያቄው ይህ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ሰው በሀገራችን ሞልቷል፤ እንግዳ ተቀባዩ ነው። ባደግሁበት ሀገር የመሸበት መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብን እንግዶች ነን፤ አሳድሩን» ሲል፣ ከውስጥ የሚሰማው መልስ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» የሚል ነበር። ቃሉን ልብ በለው። ባለቤቱ ቤቱ የኔ ነው አላለም፤ የኔ ያላለውን ነገር ደግሞ ሊከለክል አይችልም። የእንግዳው እግር ይታጠባል፣ መደቡ ይለቀቅለታል፣ ለዓውደ ዓመት የተቀመጠው ይወጣል። እንግዳው ቢያጠፋ እንኳ ማንም አይናገረውም። ልጅ ሲያጠፋ ይቆነጠጣል፤ ጎረቤት ሲያጠፋ ሽማግሌ ይላክበታል፤ እንግዳ ግን ነገ ስለሚሄድ «ተዉት፣ እንግዳ ነው» ይባላል። ይሉኝታ የባለቤቱን አፍ ዘግቶታል።

ስለዚህ በመንደር ውስጥ ካሉ ሰዎች ሁሉ ከተግሣጽ ነጻ የሆነ እንግዳ ብቻ ነው። የማይገሠጽ ሰው ደግሞ የሚያስፈራ ሰው ነው፤ ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን ያጠፋውን የሚነግረው ስለሌለ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ራሴ አጥፍቼ ነው የተማርኩት።

በ1987 ዓ.ም. ጎንደር ከተማ አስተምር በነበረ ጊዜ፣ የሳይንስ ክበብ ተማሪዎቼን አሥራ አራት ሆነው ወደ ሰሜን ተራሮች ይዣቸው ወጣሁ። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ በዚያን ጊዜ ጠጠር ስለ ነበረ አቧራ ስንቅም ውለን ረቡዕ ማታ ደባርቅ ገባን። በማግሥቱ በእግራችን ተጉዘን ማታ በፓርኩ ጠርዝ ካለች አንዲት መንደር ደረስንና ከትምህርት ቤቷ አንዲት ክፍል እንዲሰጡን ለመንን፤ ሰጡን። አገሩን ለማያውቅ ልንገረው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ የታኅሣሥ ሌሊት ቀልድ አይደለም፤ በዕቃ ያደረ ውሃ ጧት በረዶ ለብሶ ይገኛል። ተማሪዎቼ ደግሞ በከተማ ልብሳቸው ነበሩ።

ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የአንዲት ሴት ቤት አለ፤ ከግድግዳው ጎን የተከመረ ማገዶ አየሁ። ሄጄ «እታለም፣ ማገዶ ትሸጭልናለሽ?» አልኳት። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም «ምን ይሸጣል? ውሰዱ እንጂ፤ እንግዳ አይደላችሁ?» አለች። እኔ ግን በነጻ መውሰድ ነውር መስሎኝ ዋጋ ንገሪኝ ብዬ አጥብቄ ያዝኳት። እየተግደረደረች አንድ ዋጋ ጠራች፤ በላዩ ጨምሬ ከፈልኳትና ሕሊናዬን አሳርፌ ተመለስኩ። ዝም ያለችው ለምን እንደ ሆነ ግን አልጠየቅሁም። ዛሬም ድረስ ከዚያ ሁሉ ንግግር በጆሮዬ የቀረው ያ ዝምታ ነው።

ተማሪዎቹ ግቢው ውስጥ እሳት አንድደው እስከ እኩለ ሌሊት ዘፈኑ፣ እስክስታ መቱ። እሳቱ ሲቀንስ እየሄዱ ያመጣሉ። እኔም ደስታቸውን አይቼ ደስ አለኝ።

ጧት ስነሣ ክምሩ የለም። ከነበረበት ቦታ የቀረው ቅርፊትና ስንጥር ብቻ ነው። ተማሪዎቼን እዚያው ግድግዳ አጠገብ ፀሐይ ላይ ሰብስቤ ስለ ተራራው ዕፅዋት፣ ስለ ጅብራና ስለ አስታ ትምህርት ሰጠኋቸው። አስታ ሌላ ዛፍ ማደግ በሚያቅተው ከፍታ ላይ የሚበቅል፣ ለማደግ የማይቸኩል፣ በሥሩ የገደሉን አፈር አቅፎ የሚይዝ ዛፍ መሆኑን አስረዳሁ። ጻፉ አልኳቸው፤ ጻፉ።

ከዚያ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። የመንደሩ መምህር ስም ሲጠራ ከበሩ አጠገብ ቆሜ እሰማ ነበር። አንድ ስም ሁለት ጊዜ ጠራ። ከልጆቹ አንዱ «እንጨት ሄዳለች» አለ። የዚያች ሴት ልጅ ነበረች፤ ቢሆናት ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ነው። ወደ ቀትር ግድም፣ እኛ ጓዛችንን ስንሸክፍ፣ ከገደሉ አፋፍ ብቅ አለች። ጀርባዋ ላይ በገመድ የታሰረው እርጥብ አስታ ነው፤ ቅጠሉ ገና አልረገፈም። እናቷ ሸክሙን አወረደችላትና ወደ እኛ ዞራ «በሉ በሰላም ግቡ፤ ምንም ሳናደርግላችሁ» አለችን።

እንግዲህ እኔም ከፍያለሁ። ከተጠየቅሁት በላይ ከፍያለሁ። ግን የልጅቷን የአንድ ቀን ትምህርት የከፈለው ማን ነው? ለዚያውም መምህር ሆኜ! የተቆረጠውን አስታ የከፈለው ማን ነው? የሰጠኋት ብር የተቆለለውን እንጨት ገዛ እንጂ፣ እንጨቱ ሲያልቅ የሚመጣውን ሁሉ አልገዛም። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ቆጥራ ልትነግረኝ ትችል ነበር፤ ያልነገረችኝ ስላላወቀች አይደለም። እኔ እንግዳ ስለ ሆንኩ ነው። በእርግጥ አንድ ጊዜ ነግራኛለች፤ በዝምታዋ። ያን ጊዜ «ትሸጭልናለሽ?» በማለት ፈንታ «ይህ ለናንተ ስንት ሳምንት ይበቃችሁ ነበር?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ መልሷ ሌላ ይሆን ነበር። አንዳንድ ጥያቄ ከይሉኝታ በቀር መልስ የለውም፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለድኃ ሰው ማቅረብ ራሱ ግፍ ነው።

የተራራውን ታሪክ ጥቂት ላንሣ፤ የጎብኚው ዕዳ ከምን ላይ እንደሚያርፍ ያሳያልና። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋራ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ዋልያ ከዚህ ሌላ በዓለም ላይ የትውልድ ቦታ የለውም። በ1989 ዓ.ም. ግን ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ዋልያው ተመናምኖ፣ እርሻውና ግጦሹ ሽቅብ እየገፋ ሄዶ ነበር። ከዚያ መዝገብ ለመውጣት ሃያ ዓመት ፈጀበት፤ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል ብዙ ሥራ ተሠርቷል። ከሁሉ የከበደውን የከፈሉት ግን በፓርኩ ውስጥ በግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩት ገበሬዎች ናቸው፤ እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ መንደራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወረዱ። አወራረዳቸውና ካሣው ትክክል ነበር ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለ ሆነ እዚህ አልገባበትም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ተራራው እንዲያርፍ ገበሬው ቤቱን፣ የገብስ ማሳውንና የአባቶቹን መቃብር ትቶ ወረደ። እሱ በለቀቀው ሣር ላይ ድንኳኑን የሚተክለው ጎብኚ ባዶ ጠርሙሱን ይዞ መውረድ ከበደው። «ከፍለናል» የሚለውን ቃል እስቲ ከዚህ ላይ ሆነህ አንድ ጊዜ ስማው።

ስለ ጠርሙስ ካነሣሁ ልቀጥል። በመንገዱ ዳር ያሉ ልጆች የጎብኚ መኪና ሲያዩ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ሲሮጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ባዶውን የውሃ ፕላስቲክ ማለታቸው ነው፤ ካንድ የውሃ ዓይነት ስም የወጣ መጠሪያ ነው። ልጆቹ ውሃ ቀድተውበት ከብት ይጠብቃሉ፤ እናቶቻቸው ዘይትና ላምባ ይገዙበታል። ስለዚህ መስጠቱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን አሰጣጡንም አይቻለሁ። መኪናው ሳይቆም ጠርሙሱ በመስኮት ይወረወራል፤ አራት ልጆች ላንድ ፕላስቲክ ከመንገዱ መካከል ይተናነቃሉ፤ ከውስጥ ያሉት ይሥቃሉ። መስጠትና መጣል በአማርኛ ሁለት ቃላት ናቸው። ወርዶ፣ ስሙን ጠይቆ፣ በእጁ የሚሰጥ ሰው አለ። ከእጁ ለመገላገል የሚወረውርም አለ፤ እሱ ልጁን የቆሻሻ መጣያ አድርጎታል፤ ቸርነት አደረግሁ ብሎም በዚያው ምሽት በደንብ ይተኛል።

የከተማ ሰው አንድን ነገር «ጣልኩት» ሲል የጠፋ ይመስለዋል፤ ጧት የሚወስደው መኪና አለና። በከተማም ቢሆን አይጠፋም፤ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች በሞቱ ጊዜ፣ ጣልነው ያልነው ሁሉ የት እንደ ነበረ አየን። ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር ደግሞ የሚወስድ መኪና ከነጭራሹ የለም። መንደርተኛው የሚጥለውን አመድ፣ ፍግና ልጣጭ መሬት ይበላዋል። አንተ ትተኸው የሄድከውን መሬት አይበላውም፤ ወይ ከብት ይበላውና ያንቀዋል፣ ወይ ጎርፍ ጠርጎ ምንጭ ውስጥ ይጨምረዋል።

የተማርኩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። አንዲት ፈረንጅ አስተማሪያችን ለሽርሽር ወንዝ ዳር ስትወስደን፣ ከመመለሳችን በፊት ራቅ አድርጋ በሰልፍ ታቆመንና «የተቀመጥንበትን ቦታ ማን ያሳየኛል?» ትለን ነበር። የብርቱካን ልጣጭ ወይም የወረቀት ቁራጭ የጠቆመ ልጅ ካለ ሁላችንም ተመልሰን እንለቅማለን፤ ቦታው ከሌላው ሣር እስካልተመሳሰለ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። እኛ ጨዋታ ይመስለን ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ እሷም በሀገራችን እንግዳ ነበረች፤ የሚገሥጻት እንደሌለ ስላወቀች ራሷን ትገሥጽ ነበር። ፈረንጅ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ለጭላዳ ዳቦ ሲወረውር ያየሁት ሰውዬም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ጭላዳ ሣር በሊታ እንስሳ ነው፤ ከሰው እጅ መብላት ከለመደ ሰውን መፍራት ይተዋል። ከዚያ ወዲያ ወንጭፍ ይዞ የገብሱን ማሳ ሲጠብቅ የሚውለው የገበሬው ልጅ ነው፤ ሰውዬው በሀገሩ ፎቶግራፉን ያሳያል።

«እንዲህ ከሆነስ ባንሄድ አይሻልም?» የሚል ይኖራል። አይሻልም። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ፣ ቀጥሎ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የጎብኚ እግር ሲጠፋ፣ በቅሎ የሚያከራየው፣ ምግብ የምታበስለው፣ ጠመንጃ ይዞ የሚያጅበው ምን ላይ እንደ ወደቁ ከዚያው ተማሪዬ ሰምቻለሁ። ብዙዎቹ በቅሎዎቻቸውን ሸጡ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ሂዱ፤ የእንግዳ ጥፋቱ መምጣቱ አይደለም።

ደግሞም አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚህ ነገር መላ ነበራቸው፤ እኛ ከምግብ ገበታ አላለፍንበትም እንጂ። ሰው ቤት ስንጋበዝ እናቴ ከአጥሩ ሥር ቆም ታደርገኝና «ስትጎርስ ጓዳውን አስብ» ትለኝ ነበር። በዚያን ዘመን የቤቱ ልጆች እንግዳው በልቶ እስኪነሣ ጓዳ ይጠብቃሉ፤ የሚበሉት ከእንግዳው የተረፈውን ነው። ጨዋ እንግዳ ይህን ያውቃል። ባለቤቲቱ «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን!» እያለች ስታጣድፈው፣ ወጡ እየጣመው፣ ሆዱም ሳይሞላ «በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ማንም አላዘዘውም፤ ሁሉን ቢበላ ማንም አይቆጣውም። መሶቡ ላይ ያለው ሁሉ ቀርቦለታል፤ ነገር ግን ሁሉ የእርሱ አይደለም። የእሷ ሥራ «ብሉ» ማለት ነው፤ «በቃኝ» ማለት ደግሞ የእርሱ ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ።

የተራራው ምንጭ፣ ሣሩ፣ አስታው፣ የሌሊቱ ጸጥታ ሳይቀር (የሙዚቃ ማጉያ ጭኖ የሚወጣ አለና) እንደዚያ መሶብ ነው። ለተማሪዬ ዛሬ የምመልስለትም ይህን ነው። ከፍሎ የመጣ ሰው ገዢም ነው፣ እንግዳም ነው። ዋጋው ለተነገረው ነገር ገዢ ነው፤ ይሉኝታ ዋጋውን ላስቀረበት ነገር ሁሉ እንግዳ ነው፤ የሁለተኛው ዝርዝር ከመጀመሪያው ይረዝማል። አንድ ነገር ደግሞ ለራሱ እነግረዋለሁ፤ ሕጉን ድንኳን ሳይተከል ማታ ንገራቸው እንጂ ጧት አይደለም። ጧት የተነገረ ነገር ወቀሳ ነው፤ ወቀሳን ደግሞ የከፈለ ሰው አይሰማም።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ልጄን ይዤ ወደዚያች መንደር ተመለስኩ። የሣር ክዳኑ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። ያች ሴት አርፋለች አሉኝ፤ ልጅቷ ወዴት እንደ ተዳረች በደንብ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። በቤቱ የምትኖረው የወንድሟ ሚስት ናት። እኔ በዚህኛው ጉዞ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ከጎንደር ይዤ መጥቻለሁ። በደጇ አስቀምጬ ለኮስኩና ሻይ ጣድኩ፤ ትንሽ ኩራትም ሳይሰማኝ አልቀረም። ሴትዮዋ ወጣች፤ ምድጃውን አየች፤ እኔን አየች።

«ምነው መምህር? ከኔ ቤት እሳት የጠፋ መሰለዎ?»

በዕድሜዬ እንግዳ ሆኜ የተገሠጽኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አጥፍቼው ገባን። ከእሳቱ ዳር አስቀመጠችን፤ ቡናው ተቆላ፣ ተወቀጠ። ጀበናውን ስትጥድ አንድ እንጨት ጨመረች። ሊፈላ ሲል ሁለተኛ ጨመረች። ያ ገና ሳይያያዝ ሦስተኛውን አነሣች።

«በቃን፣ እታለም» አልኳት።

«በሞቴ!» አለች።

«በቃን። ሙቀቱ ደርሶናል።»

ትንሽ አየችኝ፤ ሣቀችና እንጨቱን ከነበረበት ማዕዘን መለሰችው።